ፀጉራችንን በምን ዓይነት ውሃ እንታጠብ? የውሃ ሙቀት በፀጉርና በራስ ቆዳ ላይ የሚያደርገው

አንዱ የቲክቶክ ቪዲዮ «ፀጉራችሁን በበረዶ ውሃ አለቅልቁ፣ ያብረቀርቃል» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ሙቅ ውሃ ካልሆነ ቆሻሻው አይለቅም» ብሎ ይሟገታል። ቤት ውስጥ እናት «በቀዝቃዛ ታጥበሽ ብርድ እንዳይመታሽ» ትላለች። ፀጉር ቤት ስንሄድ ደግሞ አንገታችንን ደገፍ አድርገን ቦይለሩ የሰጠውን እንቀበላለን።

ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላል። ግን አንዱ ስለ ፀጉሩ፣ ሌላው ስለ ቅባቱ፣ ሌላው ስለ ሰውነታችን ነው የሚያወራው። የውሃው ሙቀት እነዚህን እኩል አይነካቸውም። ፀጉሩን የሚነካው ከምናስበው በጣም ባነሰ መጠን ነው። ፀጉሩ የበቀለበትን ቆዳ የሚነካው ግን ከምናስበው በላይ ነው። ይህን ከለየን ክርክሩ አብዛኛው ይፈታል።

የምንታጠበው ምኑን ነው?

ከቆዳችን በላይ የሚታየው ፀጉር ሕይወት የለውም። ደም አይደርሰውም፣ ነርቭ የለውም፣ ሲቆረጥ አያመንም። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ክር ነው፤ ጥፍራችንም ከዚሁ ነው የተሠራው። ክሩን ከውጭ የሚጠብቁት እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ ስስ ሽፋኖች ናቸው። ቅርፊቶቹ ተኝተው ሲቆዩ ፀጉሩ ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ለእጅም ይለሰልሳል። ሲነሱና ሲሰባበሩ ይሻክራል፣ እርስ በርሱም ይተበተባል።

ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር ነው። እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅልበት ትንሽ ከረጢት አለ። በአንድ ሰው ራስ ላይ እንዲህ ያለው ከረጢት 100,000 ገደማ ይሆናል። ከከረጢቱ ጎን ቅባት የሚያመነጭ ዕጢ አለ። የዕጢው ቅባት በሕክምና ቋንቋ «ሰበም» ይባላል፤ እዚህ የራስ ቅባት እያልን እንቀጥል።

ይህ ቅባት ቆሻሻ አይደለም። ቆዳው ውሃ እንዳያጣ ይረዳል፣ ፀጉሩንም ያለሰልሳል። ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል። በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ጫፍ ድረስ አይዘልቅም። ብዙዎቻችን ሥሩ ወዛም፣ ጫፉ ደረቅ የሆነ ፀጉር ያለን ለዚህ ነው። ስለዚህ ቅባትን አብዝቶ የሚያጥብ ማንኛውም ነገር፣ ሙቅ ውሃም ይሁን ጠንካራ ሳሙና፣ ከርዳዳ ፀጉር ያለውን ሰው ቀድሞ ይጎዳል።

ሙቀት ቅባትን ምን ያደርገዋል?

ይህን ለማየት ከቅቤ የተሻለ ነገር የለም። ለጋ ቅቤ አናት ላይ አድርጎ መዋል የኖረ ልማዳችን ነው፤ ዛሬም ፀጉሯን ልትሠራ ስትል ቅቤ የምትቀባ ብዙ ናት። የቅቤ ስብ አብዛኛው የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ላይ ነው። የራስ ቆዳ ሙቀትም በዚያው አካባቢ ነው። አናት ላይ የተደረገ ቅቤ ቀስ እያለ በግንባርና በጆሮ በኩል መውረድ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ይህን ፀጉር በማለዳ የቧንቧ ውሃ እንጠበው እንበል። ውሃው 16 ዲግሪ ቢሆን፣ የቀለጠው ቅቤ ወዲያው ይረጋል። ሻምፖው የረጋውን ስብ ጠርጎ ማውጣት ያቅተዋል። ሰው ሻምፖ ይጨምራል፣ በኃይል ይፈትጋል፣ ፀጉሩ ይተበተባል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ውሃው 38 ዲግሪ ቢሆን ግን ቅቤው ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል፤ ሻምፖውም ይዞት ይወጣል።

ሻምፖ ይህን እንዴት ያደርጋል? ከሞለኪውሉ አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፍ ስብ ይወዳል። ስብ ወዳዱ ጫፍ የቅባቱን ጠብታ ይከብበዋል፤ ውሃ ወዳዱ ጫፍ ደግሞ ከውሃው ጋር ይዞት ይሄዳል። ቅባቱ ፈሳሽ ከሆነ በቀላሉ ይሰነጣጠቃል፣ በቀላሉም ይከበባል። የራሳችን ቅባትም እንደ ቅቤው ነው፤ በሰውነት ሙቀት ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። የኮኮናት ዘይት ደግሞ 24 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀልጠው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ የምናገኘው ለዚህ ነው። የጉሎ ዘይት አይረጋም፣ ግን በጣም ወፍራም ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ እሱንም ማስለቀቅ ያቅተዋል።

ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ቅቤው በ38 ዲግሪ ቀልጦ አልቋል። ውሃውን ወደ 50 ዲግሪ ብናደርሰው ከዚያ በላይ የሚቀልጥ ነገር የለም። የሙቀቱ ጥቅም እዚያው አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በላይ የምንጨምረው ዲግሪ የሚሠራው ቆዳችን ላይ ነው።

አንድ ነገር በጎን ላንሳ። ቅቤ ወይም ዘይት የጠጣ ፀጉር የመጀመሪያው ሻምፖ ላይ አረፋ አያወጣም። ብዙ ሰው «ውሃው ስላልሞቀ ነው» ብሎ ሙቀቱን ይጨምራል። አረፋውን የሚያጠፋው ቅባቱ ነው። በዚያው ለብ ባለ ውሃ አለቅልቆ ሻምፖውን መድገም ይበቃል።

ታዲያ በጣም ሙቅ ውሃ ምን ጥፋት አለው?

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሴሎች ተደርድረው የተሠራ ነው። በሴሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ስብ ነው። ይህ ስብ ሁለት ሥራ አለው፤ ከውስጥ ውሃ እንዳይተን ይይዛል፣ ከውጭ ደግሞ የሚቆጠቁጥ ነገር እንዳይገባ ይከላከላል። በጣም ሙቅ ውሃ ይህን ስብ ያላላዋል፤ ሻምፖው ደግሞ አጥቦ ይወስደዋል። ከታጠብን በኋላ ከቆዳው የሚተነው ውሃ ይጨምራል። ቆዳው ይወጠራል፣ ያሳክካል፣ ነጭ ፍርፋሪ ማራገፍ ይጀምራል።

ከዚያ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነውን እናውቃለን። ሰውየው ትከሻው ላይ ፍርፋሪ ያያል። «ፎረፎር ይዞኛል፣ በደንብ አልታጠብኩም ማለት ነው» ይላል። ውሃውን ይበልጥ ያሞቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ በጥፍሩ ይፈትጋል። ቆዳው የባሰ ይደርቃል፣ ፍርፋሪውም ይበዛል። እዚህ ላይ ያለው ችግር የንጽሕና ጉድለት አልነበረም።

ሌላው የደም ሥር ነው። ሙቀት ሲነካቸው በቆዳ ሥር ያሉ ትናንሽ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይሞቃል። ጤነኛ ቆዳ ላይ ይህ ቶሎ ያልፋል። የቆዳ አለርጂ፣ ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያራግፍ የቆየ በሽታ) ወይም ቁስል ያለበት ሰው ላይ ግን ማሳከኩን ያነሳሳል። የሚያታልለው ደግሞ ይህ ነው፦ የሚያሳክክ ራስ ላይ ሙቅ ውሃ ሲፈስስ ለጊዜው እጅግ ደስ ይላል። ማሳከኩ ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ብሶበት ይመለሳል። ደስታው እንደ መድኃኒት እንዳይቆጠር።

ከሙቀቱ እኩል የቆይታው ጊዜም ይቆጠራል። ሞቅ ባለ ውሃ ሁለት ደቂቃ መታጠብና ሩብ ሰዓት ሙሉ ሻወር ሥር መቆም አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ቃጠሎ አለ። 49 ዲግሪ የሆነ ውሃ አዋቂን ሰው ክፉኛ ለማቃጠል አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። 54 ዲግሪ ሲሆን ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። 60 ዲግሪ ሲደርስ ስድስት ሰከንድ ብቻ። ቤታችን ያለው ቦይለር ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ላይ ነው። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚህም ባነሰ ጊዜ ይቃጠላል። ከቦይለሩ በቀጥታ የሚመጣውን ውሃ ሳይቀላቅሉ ልጅ ራስ ላይ ማፍሰስ ፈጽሞ የማይሞከር ነው።

«ሙቅ ውሃ ፀጉሩን ራሱን ያቃጥለዋል» የሚባለውስ?

ይህኛው የተጋነነ ነው። የረጠበ ፀጉር ፕሮቲን በሙቀት መበላሸት የሚጀምረው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ የፈላ ውሃ እንኳ ፀጉሩን ሳይጎዳ በፊት ቆዳችንን ይልጠዋል። ራሳችን የሚችለው የሻወር ውሃ ለፀጉሩ ፕሮቲን ምንም ማለት አይደለም።

ፀጉር የሚያበላሽ ሙቀት ከፈለግን ፒያስትራውን እንመልከት። መተኮሻው ከ180 እስከ 230 ዲግሪ ይደርሳል። በተለይ በደንብ ያልደረቀ ፀጉር ላይ ሲያርፍ፣ በክሩ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተቀይሮ መውጫ ያጣል፤ ፀጉሩን ከውስጥ እያበጠ ይሰነጥቀዋል። ሲተኮስ «ጭስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ፀጉሩ ገና አልደረቀም ማለት ነው፤ እዚያው ይቁም። በውሃው ሙቀት እየተጨነቅን በየሳምንቱ በ220 ዲግሪ መተኮስ፣ ጭንቀታችንን ያለ ቦታው ማድረግ ነው።

ውሃ ግን ቢሞቅም ባይሞቅም ለፀጉር የራሱ ፈተና አለው። ፀጉር ሲረጥብ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ውሃ ይጠጣል፣ ይወፍራል፣ ይለጠጣል። በዚህ ሰዓት ከደረቅ ፀጉር ይልቅ በቀላሉ ይበጠሳል። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ በፎጣ በኃይል ማሸትና በቀጭን ማበጠሪያ ከሥር መጎተት ከሞቀ ውሃ የበለጠ ፀጉር ይጨርሳል። ኮንዲሽነር ተቀብቶ እያለ፣ ሰፋፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መፍታት ይሻላል።

ቀለም የተቀባ ፀጉር ግን ይለያል። ቀለም በሙቅ ውሃ ቶሎ ይለቃል፤ በተለይ ከጥቂት እጥበት በኋላ እንዲለቅ ተደርገው የተሠሩት ቀለሞች። ቀለም የተቀባ ሰው ውሃውን ወደ ቀዝቃዛው ቢያዘነብል ገንዘቡን ያድናል።

ቀዝቃዛ ውሃ ፀጉርን ያብረቀርቃል? ያሳድጋል?

«ቀዝቃዛ ውሃ ቅርፊቱን ይዘጋዋል» የሚለው አባባል በየቦታው አለ፤ ፀጉር ሠሪዎችም ይሉታል። ቅርፊቶቹ ግን የሞቱ ናቸው። ቀዝቃዛ ሲነካቸው የሚኮማተር ጡንቻ የላቸውም። «ሙቅ ውሃ የቆዳ ቀዳዳ ይከፍታል» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ቀዳዳዎቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ የለም። ሙቀቱ የሚያደርገው በቀዳዳው ያለውን ቅባት ማላላት ብቻ ነው።

ቅርፊቶቹ እንዲነሱና እንዲተኙ የሚያደርገው በዋናነት የምንቀባው ነገር ነው። የገላ ሳሙና ብዙ ጊዜ ፒኤች መጠኑ (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ከ7 በታች ኮምጣጣ ነው) ከ9 እስከ 10 ነው። የራስ ቆዳችን ግን 5.5 አካባቢ ነው፤ ትንሽ ወደ ኮምጣጣነት ያዘነብላል። ሳሙናው ፀጉሩን ያሳብጠዋል፣ ቅርፊቱንም ያነሳዋል። ውሃው ካልሺየምና ማግኒዥየም የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከሳሙናው ጋር ተዋህዶ የማይለቅ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። በሳሙና የታጠበ ፀጉር እጅ ላይ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው። ኮንዲሽነር በተቃራኒው ወደ ኮምጣጣነት ስለሚያዘነብልና ክሩን በስስ ሽፋን ስለሚለብሰው ቅርፊቱ ይተኛል። የበረዶ ውሃው ሥራ ነው ተብሎ የሚነገረው ማብረቅረቅ ብዙውን ጊዜ ከእሱ በፊት የተቀባው ኮንዲሽነር ያመጣው ነው። ሳሙና ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ስለ ውሃው ሙቀት ከመጨነቃችሁ በፊት ሳሙናውን በሻምፖ መቀየሩ ይቅደም።

ቀዝቃዛ ውሃ ፀጉር አያሳድግም፤ አያረግፍምም። ፀጉር በወር በአማካይ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ ይህን የሚወስነው ዘር፣ ሆርሞን፣ ምግብና ጤና ነው። ያም ሆኖ ቀዝቃዛ ውሃ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የደም ሥርን ስለሚያጠብብ የተቆጣ ቆዳን ያበርዳል፣ ማሳከክንም ያስታግሳል። ራሱ የሚያሳክከው ሰው ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ሲጨርስ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ቢያለቀልቅ ደስ ይለዋል። የሚጎዳው ነገር የለም።

«ብርድ ይመታል» የሚሉትስ?

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ከሌላ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ ከረጠበ ፀጉር አይመጣም። የእናቶች ስጋት ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። የክረምት ጠዋት ላይ ረጥቦ የወጣ ራስ ሙቀት ያጣል፣ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲፈስበት ራሱን የሚያመውም አለ። ያማል፣ ግን ጉንፋን አይደለም።

ታጥቦ ወዲያው ፀሐይ ላይ መውጣት ምች ያመጣል የሚባልም አለ። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል ምች የምንል ከሆነ፣ እሱን የሚያመጣው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነው። ኃይለኛ ፀሐይ ይህን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የፀሐዩ ነገር እውነትነት አለው፤ የፀጉሩ መታጠብ ግን እጁ የለበትም።

ፎረፎርን፣ ቅማልንና ቆረቆርን ሙቅ ውሃ ያጠፋል?

እዚህ ላይ ስህተቱ ውድ ዋጋ ስለሚያስከፍል ቀስ ብለን እንየው።

ፎረፎር ከድርቀት የተለየ ነገር ነው። ማላሴዥያ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ በሁሉም ሰው ራስ ላይ ይኖራል። የሚመገበው የራስ ቅባትን ነው። ቅባቱን ሲሰባብር ኦሌይክ አሲድ የሚባል ነገር ይተዋል። አንዳንድ ሰው ቆዳው ለዚህ አሲድ ይቆጣል፤ የቆዳው ሴሎች ቶሎ ቶሎ እየተባዙ በቁራጭ በቁራጭ ይራገፋሉ። የድርቀት ፍርፋሪ ደቃቅና ደረቅ ነው። የፎረፎር ግን ተለቅ ያለ፣ ወዛምና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው።

ፈንገሱን በሙቅ ውሃ መግደል አይቻልም፤ የሚገድለውን ሙቀት ቆዳችን አይችለውም። የሚሠራው የፎረፎር ሻምፖ ነው። ኬቶኮናዞል፣ ዚንክ ፓይሪቲዮን ወይም ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፖ ፋርማሲ ይገኛል። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም» የሚለው ቀብቶ ወዲያው ስለሚያለቀልቀው ነው። ሻምፖው ቆዳው ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። በእነዚህ ደቂቃዎች ውሃው ተዘግቶ መጠበቅ እንጂ ሙቅ ውሃ ሥር መቆም አያስፈልግም።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር ነው። ፎረፎር ላለበት ራስ ቅቤና ዘይት ቆዳው ላይ መቀባት ነገሩን ያብሰዋል። ፍርፋሪው ለጊዜው ተለጥፎ ስለሚጠፋ የዳነ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን ምግብ አገኘ ማለት ነው። ቅቤ ኦሌይክ አሲድም በውስጡ አለው። ቅቤ የምትወዱ ሰዎች ፎረፎሩ እስኪድን ቆዳውን ትታችሁ ፀጉሩን ብቻ፣ በተለይ ጫፉን ቀቡት። እንዳልነው፣ ቅባት የሚያንሰው ጫፉ ነው።

ቅማልን በተመለከተ፣ ልብስና አንሶላ ላይ ያለ ቅማል በ54 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቅ ውሃ ሲታጠብ ይሞታል። ይህ ግን ከላይ እንዳየነው በግማሽ ደቂቃ ሰው የሚያቃጥል ሙቀት ነው። ስለዚህ ሙቁ ውሃ ለአንሶላው፣ መድኃኒቱና ቅጫ ማውጫ ማበጠሪያው ለራሱ ይሁን።

ቆረቆር ደግሞ ሌላ ፈንገስ ነው፤ በልጆች ራስ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩን ይነቅለዋል። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ድረስ ስለሚገባ ውሃም ሻምፖም ቅባትም አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል። ልጁን በሙቅ ውሃና በሳሙና እየፈተጉ ወር ማባከን ሥቃዩን ከማርዘም በቀር ጥቅም የለውም። ማበጠሪያውን፣ ኮፍያውንና ፎጣውን ለይቶ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ስታጠብ የሚነቀለው ፀጉርስ? ውሃው አይደለም?

አንድ ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍለታል። በየቀኑ የሚያበጥር ሰው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወጣለት አያስተውለውም። ሹሩባ ተሠርታ ሦስት ሳምንት የቆየች ሴት ግን የረገፈው ሁሉ ጉንጉኑ ውስጥ ተይዞ ይቆያታል። ፈትታ ስትታጠብ ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርስ ፀጉር በአንዴ ይወጣል። ሳፋው ላይ ሲታይ ያስደነግጣል። ጥፋቱ ግን የዚያን ቀን ውሃ አይደለም፤ የሦስት ሳምንት ድምር ነው።

ከወለዱ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜም ፀጉር በብዛት ይረግፋል። «አራስ ሆና በቀዝቃዛ ውሃ ስለታጠበች ነው» ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። በእርግዝና ጊዜ በሆርሞን ምክንያት ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ በኋላ ተራውን ጠብቆ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይተካል። ወላዷን ከመውቀስ ደህና መመገቧን ማረጋገጥ ይበልጣል።

ፀጉሩ በቦታ በቦታ ክብ ሆኖ ከለቀቀ፣ ቆዳው ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም የፎረፎር ሻምፖ በወር ውስጥ ለውጥ ካላመጣ የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ትክክለኛውን ሙቀት እንዴት እናውቃለን?

ለአብዛኛው ሰው 37 ወይም 38 ዲግሪ ይስማማል። ለብ ያለ የምንለው ውሃ ማለት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ በእጅ መዳፍ አትለኩ፤ መዳፍ ሙቀት ስለለመደ ያሳስታል። በክርናችሁ ወይም በእጅ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ለኩት። ሙቀትም ቅዝቃዜም ጎልቶ ካልተሰማችሁ ትክክል ነው።

በሳፋና በጆግ ለሚታጠብ ሰው ቀላል ስሌት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የፈላ ውሃ 92፣ የቧንቧው 16 ዲግሪ ቢሆን፣ አንድ ጆግ የፈላ ውሃ ለሁለት ጆግ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ወደ 38 ዲግሪ ያመጣዋል። ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ሙቁ ከላይ ይጨመር። በተለይ ልጅ ባለበት ቤት የፈላ ውሃ ብቻ ያለበት ሳፋ መሬት ላይ ለደቂቃም መቀመጥ የለበትም።

ቆላ ያሉ ሰዎች ስሌቱ ይገለበጥባቸዋል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ የዋለ ውሃ ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያሞቀው ይሞቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ዱባይ ወይም ኩዌት በሐምሌ ወር «ቀዝቃዛ» የተባለው ቧንቧ ራሱ ሙቅ ውሃ ያወርዳል። እዚያ ያሉ ብዙዎች የሚያደርጉት ጥሩ ዘዴ አለ። በበጋ ቦይለሩን ያጠፉታል። ቦይለሩ ቤት ውስጥ፣ ጥላ ሥር ስለሆነ በውስጡ ያለው ውሃ ከጣሪያው ታንከር ይቀዘቅዛል። ስለዚህ «ሙቅ» የሚለውን ቧንቧ ከፍተው ይታጠባሉ። ያ ካልሆነ በባልዲ ቀድቶ ቤት ውስጥ ማሳደር፣ ወይም ማለዳ መታጠብ ይሻላል።

ፀጉር ቤት ስንሄድስ?

የሚያጥባችሁ ሰው ውሃውን የሚለካው በእጁ ነው፤ ያ እጅ ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ የዋለ ነው። ለእሱ ለብ ያለው ለእናንተ ሊያቃጥል ይችላል። «ትንሽ አቀዝቅዝልኝ» ማለት ነውር የለውም። ጣቱን ውሃው ላይ አድርጎ እንዲያጥባችሁ ጠይቁ፤ ሙቀቱ ድንገት ቢለወጥ ቀድሞ ይሰማዋል።

ሪላክሰር የምትደረጉ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል። ሪላክሰር የተጠቀለለ ፀጉርን ቀጥ የሚያደርግ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ራስን በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ፈትጎና አክኮ መሄድ ቆዳውን የሚጠብቀውን ቅባት አስወግዶ ለኬሚካሉ ማጋለጥ ነው። ከመደረጋችሁ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ራሳችሁን አትታጠቡ፣ በጥፍርም አትከኩ። ቁስል ካለ ቀጠሮው ይዛወር። ተቀብታችሁ እያለ ማቃጠል ከጀመረ «ትንሽ ቻይው፣ ገና አልያዘም» ብትባሉም አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ለብ ባለ ብዙ ውሃ እንዲታጠብላችሁ አድርጉ።